ከሐሙሲት ለምን ተመለሰ

ባሕር ዳር፣ ሐምሌ ፰ ቀን

ለተከበሩ የወንድሜ እናት፣

እንደምን ሰነበቱ እማማ? ክረምቱስ እንዴት ይዞዎታል? ዳመና በከበደ ቁጥር የሚጠዘጥዝዎ ያ የቀኝ ጉልበትዎ እንዴት ነው? ዓይንዎስ? ሐኪሙ ያዘዘልዎት ጠብታ አልቆ እንደሆነ ወደዚህ ለገበያ ለምትመላለሰው ጎረቤትዎ ለየብርጓል ይንገሯት፤ ከዚህ ገዝቼ እልካለሁ። ላሟ ወለደች? አጥርዎን ጎርፍ አልነካውም? ጎረቤቶችዎ፣ የክርስትና ልጆችዎ፣ የደብሩ ካህናት ሁሉ ደኅና ናቸው? እኔም ደኅና ነኝ ብዬ ልጽፍ ብዕር ባነሣ እጄ እምቢ አለኝ። ጤናዬ ግን ደኅና ነው፤ ትናንት በዓላቸውን ያከበርንላቸው ሥላሴ ይመስገኑ።

የአቶ ክንዱ ልጅ ነኝ። ለዓይንዎ ሕክምና የመጡ ጊዜ ሁለት ቀን እኛ ቤት አርፈው፣ ስትሄጂ ስትመለሽ አይክፋሽ ብለው እጄን ይዘው የመረቁኝ፣ ያችው የጂኦግራፊ መምህርቷ። ልጅዎ ገድሉ ስድስት ዓመት የአባቴ የጥበቃ አለቃ ሆኖ ሲሠራ በየሳምንቱ አየው ነበር። አሁን ካየሁት ሦስት ሳምንት አልፏል።

ይህን ደብዳቤ መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ እንደሚያነቡልዎ አውቃለሁ። መሪጌታ፣ እርስዎስ እንደምን ሰነበቱ? እባክዎ እንደ ድጓ አያዚሙት። ቀስ ብለው፣ አንድም ቃል ሳይዘሉ ያንብቡላቸው። ሊዘሉት የሚፈልጉት ቦታ ላይ ሲደርሱ ራስዎ ያውቁታል፤ እዚያ ላይ ነው ይበልጥ ጮክ ማለት።

የጻፍሁበትን ጉዳይ ሳልሸፋፍን ልንገርዎ እማማ። ገድሉ ያለው ወንዛዬ ፍል ውኃው ላይ ነው፤ ከቤትዎ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ። ከበሽተኞቹ ጋር በአንድ ዳስ ተጠግቶ፣ አቅም የሌላቸውን ወደ ውኃው እየተሸከመ እያወረደ ይውላል። የብርጓል ለወገቧ ልትጠመቅ ሄዳ አግኝታዋለች። ሁለት ጊዜ ሰላምታ ልኮልዎት፣ «የኔ ልጅ ሐሙሲት ላይ ሞቷል፤ ለሞተ ሰው ሰላምታ አልመልስም» አሉ አለችኝ። ይህን ስሰማ ክፍል ልገባ ጠመኔ ይዤ ነበር፤ ተማሪዎቼ እስኪያዩኝ ድረስ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። እማማ፣ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ልጅዎን ወደ ቤትዎ ያስገቡት። ለምን እንደተመለሰ ሳያውቁ ነው የፈረዱበት። እሱ ደግሞ መቃብር እስኪገባ አይነግርዎትም። ስለዚህ እኔ ልንገርዎ።

አባቴን ላማቸው አልተነሣሁም። እናቴ ከሞተች ጀምሮ አባትም እናትም ሆነው ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ሠራተኛ ጸጉሬን እንዲነካ አልፈቅድም ብለው ሹሩባዬን ራሳቸው ይጎነጉኑልኝ ነበር፤ ተጣሞ ተጣሞ የልጆች መሣቂያ አድርጎኛል። ነገር ግን አባቴ እምቢ የሚል ሰው አይወዱም። በሩዝ መፈልፈያው ቢሮዎች ሁሉ ፎቶግራፋቸው ተሰቅሏል። እሳቸው ቆመው የሚቀመጥ፣ እሳቸው ዝም ብለው የሚናገር የለም። በስድስት ዓመት ውስጥ አራት ሥራ አስኪያጅ ሲቀይሩ ያየሁ ነኝ፤ አራተኛው ሕዝቅኤል የሰነበተው ከሁሉ ይልቅ አዎን ማለት ስለሚያውቅ ነው። በይፋግ በኩል ከባሕሩ ዳር የያዙትን መሬት የሚጠብቁ አርባ ሰዎች ነበሯቸው፤ ከደራም ከጎጃምም ከየአገሩ የተለቃቀሙ፣ ገሚሱ የድሮ ወታደር። ያገሩ ሰው «ቅጥረኞቹ» ይላቸዋል። መጀመሪያ ሲመጡ ታንኳ ይሰብሩ፣ ዓሣ አጥማጅ ይገርፉ ነበር። ልጅዎ አለቃ ከሆነ በኋላ ግን እጁን ያነሣ ሰው ውሎ አላደረም። የዓሣ አጥማጆቹን ስም ከነልጆቻቸው ያውቅ ነበር። አንዴ የአንዷ ባልቴት ታንኳ በማዕበል ሲወሰድ ቅጥረኞቹን ይዞ ባሕር ውስጥ ገብቶ አወጣላት ሲባል፣ አባቴ ምሳ ላይ «ዘበኛ የቀጠርሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ አዋላጅ ኖሯል» ብለው አፌዙ። እኔ ከማዕዱ ተነሥቼ ወጥ ቤት ገባሁ፤ ደስታዬ ፊቴ ላይ እንዳይታይ።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው በባሕር ሸሹ መሬት ነው። እርስዎ የደጋ ሰው ነዎትና ልግለጽልዎ። በበጋ ጣና ሲሸሽ ጥቁር አፈር ይለቅቃል፤ የዳርቻው ሰው ያንን ቀድሞ ይዘራዋል፣ ውኃው ሳይመለስ ይሰበስበዋል። ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ እንዲህ ነው። በወረቀት ግን መሬቱ የአባቴ ሆኗል። ዘንድሮ በቆሎው ደርሶ፣ ሰው ማጭዱን ሲስል፣ አባቴ በትራክተር ይገልበጥ አሉ። ዘንድሮ ከሰበሰቡ ለከርሞም የኛ ነው ይላሉ ብለው ነው። በስልክ ለሕዝቅኤል ሲያዝዙት እጃቸውን እያስታጠብሁ ሰምቻለሁ።

ከሰኔ ሚካኤል በኋላ በነበረው ሐሙስ ጠዋት ትራክተሩ ወረደ። ገድሉ ከፊቱ ቆመና ዐሥር ቀን ብቻ ታገሡ፣ የደረሰ እህል አይታረስም፣ እግዜርም አይወደው አለ። ሕዝቅኤል ከአባቴ ጋር ተነጋገረና የገድሉን መሻር በአርባው ሰው ፊት አነበበው። ምክትሉ መልካሙ እንደነገረኝ፣ አንዱ ባርኔጣውን አውልቆ ሕዝቅኤል እግር ሥር ጣለ። ሌላውም ጣለ። አርባው ባርኔጣ ተቆለለ አለኝ። ገድሉ የትራክተሩን ቁልፍ ነቅሎ ኪሱ ከተተ። ሕዝቅኤልን ከነምሳው ቢሮው ውስጥ አስገብተው ቆለፉበት፤ ውኃም ጨምረውለታል፣ እንዳይጠማው። ዐሥራ ሁለት ሰዎች በቆሎውን ከባላገሩ ጋር እንዲያጭዱ ቀሩ። ሌሎቹ በሁለት አይሱዙ ተጭነው ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ እኛ ቤት ጉዞ ጀመሩ።

ሳይነሡ ገድሉ ምን አለ መሰለዎት? ጠቤ ከጌታዬ ጋር አይደለም፣ ጌታዬ የማያውቁትን ከሚሠሩት ጋር ነው፤ ቤታቸው ደጃፍ ቆሜ እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸውም ይፈርዳሉ አለ። ትእዛዙ ከማን እንደወጣ ልቡ ያውቅ ነበር። እንዲያ ብሎ መናገር ለምን እንዳስፈለገው ወደታች ስደርስ ይገባዎታል። ደግሞ የየሰዉን ጥይት አስወልቆ በአንድ ጆንያ ሰበሰበና፣ ጆንያውን ከፊተኛው መኪና ወለል ላይ አድርጎ እግሩን ጫነበት። ሃያ ስምንት ሰው ባዶ ጠመንጃ ይዞ ነው የመጣው እማማ። ይህን ነገር ለሰንበቴው ማኅበር ሁሉ ይንገሩልኝ።

ወረታ ላይ ነጋዴዎቹ ከየሱቁ ወጥተው ዳቦና ውኃ ወደ መኪናው አቀበሏቸው። ሐሙሲት ሲደርሱ ገበያ ቆሟል። የእናንተ ሰው ሁሉ እዚያ ነበረ፤ ሰዉ ከገበያው እየወጣ መንገዱን ሞላው፣ እልልታው ቀለጠ። ከዚያ ወዲያ ባሕር ዳር አንድ ሰዓት አይሞላም። ገድሉ ከመኪና ወርዶ ከአንድ ሻይ ቤት ጓሮ ስልክ ደወለ። ተመልሶ ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር አሉ። «ተሳፈሩ፤ ወደ ይፋግ እንመለሳለን» አለ እንጂ ሌላ ቃል አልጨመረም። መልካሙ ፊቱ ላይ ተፋበት። ገድሉ በእጅጌው ጠረገና፣ መኪናው ላይ ውጣ አለው።

የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። ከዚያ ቀን ወዲህ የሰማሁትን ሁሉ ብጽፍልዎ የመሪጌታ ድምፅ ይዘጋል። የአውቶቡስ ረዳቶች ነዳጅ አልቆበት ነው አሉ። ፌስቡክ ላይ፣ በስልክ ምን ያህል ብር እንደተላከለት እስከ ሳንቲሙ የሚያውቁ ሰዎች ተነሡ። የትምህርት ቤታችን የታሪክ መምህር በሻይ ሰዓት ሦስት ምክንያት ከነንዑስ ምክንያቱ ዘረዘረልን፤ አንዱም እውነት አልነበረም። አባቴ ራሳቸው ታማኙንና ከሐዲውን ለመለየት የሸረቡት ተንኮል ነው ያለም አለ። በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ደግሞ፣ በሩቅ አገር የቅጥር ወታደሮች በመሪያቸው ላይ ተነሥተው ወደ ዋና ከተማው ሲገሠግሡ ውለው ሊደርሱ ሲሉ ተመለሱ የሚል ዜና በቴሌቪዥን መጣ። የባሕር ዳር ልጆች «ገድሉን አይተው ነው» እያሉ ሲሥቁ ሰነበቱ። የታሪክ መምህራችንም ያንኑ ሦስት ምክንያት አምጥቶ ለእነሱ አለበሳቸው። እኔ አልሣቅሁም። እዚያም ስልክ ያነሣ ሰው ይኖር ይሆን ብዬ አሰብሁ።

ስለ በቆሎው ግን ማንም አልጻፈም። ገድሉ ይፋግ ሲመለስ ቁልፉን ለማንም አልሰጠም። አባቴ ሽማግሌ መርጠው እስኪልኩ ሁለት ቀን ፈጀ። በእነዚያ ሁለት ቀናት የዳርቻው ሰው ሴት ወንድ ሳይል፣ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ጥለው፣ የወረታ ነጋዴዎች አህዮቻቸውን ልከው፣ እነዚያው ቅጥረኞች ከመኪናው ወርደው ማጭድ ይዘው እንኳን እሸቱ አገዳው ሳይቀር ተሰበሰበ። ቅዳሜ ከሰዓት ትራክተሩ ቢነሣ የሚገለብጠው ባዶ መሬት ነበር። ከዚያ ገድሉ ሕዝቅኤልን ከፍቶ አወጣው፣ ቁልፉን በእጁ አስረከበው፣ ሰዎቹንም ወደየአገራቸው አሰናበተ። ለሽማግሌዎቹ ጥፋቱ የኔ የአንዱ ነው፣ ሌላ ስም አትጻፉ አላቸው። አባቴም «የጡት ልጄ ነው፣ ምሬዋለሁ» ብለው አስነገሩ፤ ባሕር ዳርም ይፋግም እግሩ እንዳይደርስ ብቻ።

መሪጌታ፣ እስከዚህ ያለውን ለፈለገው ሰው ያንብቡለት፤ እንዲያውም ይፈልጉልኝና ያንብቡ። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ለእናቱ ብቻ ነው። በሩን ይዝጉልኝ።

የዛሬ ሦስት ዓመት በጥር፣ ስድስት ሽማግሌዎች ከእርስዎ ዘንድ ተነሥተው እኛ ቤት መጥተው ነበር እማማ። የላኳቸው እርስዎ ነዎት። በምን ጉዳይ እንደመጡ እርስዎም ያውቃሉ፣ መሪጌታም ከስድስቱ አንዱ ነበሩና ያውቃሉ፤ እኔም ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምሮ አውቅ ነበር። ስለዚህ መጻፍ አያስፈልገኝም። የዚያን ቀን አዲስ ቀሚስ ለብሼ ነበር ማለቱ ይበቃል።

ሽማግሌ የመጣበት ነገር እስኪሰማለት ድረስ አይቀመጥም፤ ቆሞ ነው የሚለምነው። አባቴ ይህን ከማንም ይበልጥ ያውቃሉ። ራሳቸው እስከ ውጭ በር ሄደው ዘንጋቸውን ከየእጃቸው ተቀበሏቸው፤ በእኔ ቤት ሽማግሌ ቆሞ አይናገርም ብለው እየጎተቱ አስቀመጧቸው። ተቀመጡ። ከተቀመጡ ወዲያ ቃሉ የባለቤቱ ነው። አባቴ ተነሡና፣ የእናንተን ከመስማቴ በፊት የኔ ይቅደም፣ ወንድ ልጅ የለኝም፣ በረከታችሁን ስጠብቅ ነበር አሉ። ገድሉን ለሥራ ብለው በማለዳ አስጠርተው እልፍኝ አስቀምጠውት ኖሯል፤ ምንም ሳያውቅ መለዮውን እንደለበሰ ወጣ። ማር በነጭ ሲኒ ቀረበ። አባቴ አውራ ጣታቸውን ማሩ ውስጥ ነክረው፣ ከዛሬ ጀምሮ ገድሉ የጡት ልጄ ነው፣ ለእኔ ልጅ፣ ለልጄም ወንድሟ ነው፣ ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

እኔ ከበሩ ጀርባ ማስታጠቢያ ይዤ ቆሜ ነበር። ገድሉ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አያቸው። አንድ ሰው ቃል እንዲናገር ጠበቀ። መሪጌታ፣ እርስዎ ያኔ ቀና ብለው ጣራውን አዩ። አልፈርድብዎትም፤ ስድስታችሁም አንድ ነገር ብታዩ ጣራውን ነው ያያችሁት። በስድስት ሽማግሌ ፊት የተዘረጋ ጣት እንዴት ይመለሳል? ተንበርክኮ ጠባ። እናንተም መረቃችሁ፤ ሌላ ምን ታደርጋላችሁ? አባቴ ማሩን ከጣታቸው ጠርገው፣ አሁን ደግሞ የናንተን ልስማ፣ በምን መጣችሁ አሉ። ትልቁ ሽማግሌ ምን እንደመለሱ ያስታውሳሉ? እንዲያው ሰላም ልንልዎት ነው የመጣነው አሉ።

አባቴ በዚያች ሲኒ ማር ሁለት ነገር አሰሩ። አንደኛውን አልጽፈውም። ሁለተኛው፣ የጡት ልጅ በጡት አባቱ ላይ እጁን አያነሣም፣ ክፉም አይናገርበትም። ገድሉ «ጌታዬ የማያውቁትን» ያለው ለዚህ ነው። መሐላውን ሳያፈርስ የባላገሩን እህል ለማዳን የቀረችው መንገድ ያች ብቻ ነበረች፤ እሱም ያችን ቀጭን መንገድ ሁለት መኪና ሞልቶ ሄደባት። እንደሱ ያለ ሰው አላየሁም እማማ። ዳግመኛ የማይም አይመስለኝም።

ከዚያ ቀን በኋላ ለሦስት ዓመት በስሜ ብቻ ነበር የሚጠራኝ። አንድም ቀን እኅቴ አላለኝም። እኔም ወንድሜ ብዬው አላውቅም።

ያ ሐሙስ። አባቴ ወሬው ሲደርሳቸው «ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል» አሉ። የቤቱን ዐሥራ ሁለት ዘበኞች ከግንቡ ጀርባ አሰለፉና፣ የመጀመሪያው መኪና ደጁን እንዳለፈ ተኩሱ አሏቸው። ከዚያ ወንበራቸውን አስወጥተው በረንዳው ላይ ከውጭው በር ትይዩ አስቀመጡ። ሌላ ወንበር ደግሞ አስመጥተው ከጎናቸው አደረጉና፣ ነይ ከኔ ጋር ሻይ ጠጪ አሉኝ። አባቴ ያለ ምክንያት ወንበር አያንቀሳቅሱም። ይህን እያወቅሁ ሄጄ ተቀመጥሁ።

ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። አባቴ ስሙን አዩት። አንሺው አሉኝ።

የት ነሽ አለኝ። ከአባቴ አጠገብ በረንዳው ላይ ነኝ አልሁት። በባሕሩ በኩል ባለው በር ውጪ፣ አክስትሽ ቤት ሂጂ፣ ግማሽ ሰዓት ቆሜ እጠብቅሻለሁ አለኝ። በስልኩ ውስጥ እልልታው ይሰማል፣ የአይሱዙው ጡሩምባ ይሰማል። አልወጣም አልሁት። ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅሽ አለ። አልወጣም አልሁት። እስትንፋሱን ሰማሁ። ከዚያ፣ እንግዲያስ ደኅና ሁኚ እኅቴ፣ አለኝና ዘጋው።

ከሐሙሲት የተመለሰው ለዚህ ነው እማማ። ሌላ ምክንያት የለም፤ ለፌስቡኩም ለታሪክ መምህሩም አያዋጣም እንጂ እውነቱ ይኸው ነው።

ደግሞ አንድ የሚቀር አለ፤ ይህን ካልጻፍሁ የቀደመው ሁሉ ውሸት ይሆናል። አባቴ አልያዙኝም። የባሕሩ በር ከተቀመጥሁበት ሃያ እርምጃ አይሞላም፤ ክፍት ነበር። ብነሣ አባቴ አይከለክሉኝም ነበር፤ ምናልባት ዕድሜ ልካቸውን ያዝኑብኝ ነበር እንጂ። እኔ ከዚያ ወንበር እስካልተነሣሁ ድረስ ገድሉ እንደማይገባ አውቅ ነበር። አውቄ ነው የተቀመጥሁት። ዐሥራ ሁለቱ እንደሚተኩሱ አውቃለሁ፣ ጥይቱ ግን ጆንያ ውስጥ መሆኑን አላወቅሁም፤ ብዙ ሬሳ ታየኝ፣ ከሬሳዎቹም አንዱ እሱ ነበር፣ አንዱም አባቴ። ሁለቱንም ለማትረፍ ያለኝ ነገር የተቀመጥሁበት ወንበር ብቻ ነበር። ሁለቱም ተረፉ። አሁን አንዱ በጓሮው ጽጌረዳ እየኮተኮተ ነው፣ ሌላው ፍል ውኃ ዳር የሽባ ሰው እግር ያጥባል፣ የወለደችውም እናቱ ሞቷል ትለዋለች።

መልካሙ በሁለተኛው ሳምንት ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ ነበር። ሽጦናል ወይስ አልሸጠንም፣ ይህን ብቻ ንገሪኝ አለኝ። እኔም ዝም አልሁት። ያ ዝምታዬ ነው ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ። ገድሉ ቢናገር ስሜን መጥራት አለበት፤ የጡት እኅቱን ስም በዚያ ነገር ውስጥ ከሚጠራ፣ ከሐዲ ተብሎ መቅረቱን መረጠ። እኔ ግን ስሙን ከወደቀበት የማነሣበት መንገድ አለኝ፤ ለእርስዎ ብቻ።

እማማ፣ ካልጠሩት አይመጣም፤ ልጅዎን ያውቁታል። የሰው ፊት አይፈራም፣ የእርስዎን ፊት ግን ይፈራል። እርስዎ በዚያ ጉልበትዎ ቁልቁለቱን አይወርዱትም። መሪጌታ ይሂዱልን። መሪጌታ፣ የማሩ ቀን ዝም ብለዋልና ይህችን አንዲት መንገድ ይሂዱ፤ እናትህ ትጠራሃለች ብቻ ይበሉት። ማን እንደጻፈ አይንገሩት። ቢጠይቅም ጣራውን ይዩ፤ ይችሉበታል።

ሲገባ ብዙ አይጠይቁት። ይብላ፣ ይተኛ። ስለ አባቴ ቤት ካነሣ፣ ሁሉም ደኅና ናቸው ይበሉት። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው እማማ፤ ብቻውን መኖሩ ይበቃዋል። በአካባቢያችሁ ደግ ልጅ፣ ሥራ የምትወድ፣ ዝምታውን የማትፈራ ካለች ይፈልጉለት። ሽማግሌም ይላኩ፤ ቆመው የሚናገሩ ይሁኑ። ለሠርጉ እኅት ለወንድሟ የምታደርገውን ሁሉ አደርጋለሁ፤ መቋቋሚያም ቢሆን የሙሽራዋን ቀሚስም ቢሆን ከዚህ ገዝቼ በየብርጓል እጅ እልካለሁ። የልጅቱን ቁመት ብቻ ይጻፉልኝ።

የወለደ አንጀትዎን እግዚአብሔር ያለስልስልኝ። ላምዎ ትርባ፣ ጉልበትዎ ይበርታ፣ በልጅዎ እጅ ለመቀበር ያብቃዎ። ደጅዎ የተዘጋበት ሰው አይኑርዎ።

የልጅዎ እኅት